ስልክ የሌላቸው መዳፎች

ሚስቴ ለሥራ ጅዳ ከሄደች ወዲህ ደሴ ያለው ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄና ስልኳ። ስልኩን የላከችላት እናቷ ናት። ያኔ በቪዲዮ የሚያነጋግር ስልክ ከተማው ውስጥ እንደ ጉንፋን እየተዛመተ ነበር። ልጄ ስትበላ አንገቷን ደፍታ፣ ሲጠሯት አንገቷን ደፍታ ሆነ። ለኢድ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ይዣት ስሄድ፣ ያን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሰው ሁሉ ቢስሚላህ እያለ ሲወርድ እሷ ቀና እንኳን አላለችም። አንድ ቀን እንኳን ፊቷን እያየሁ ራት መብላት የሚናፍቀኝ አባት ሆንኩ። እንዳልቆጣት፣ እናቷ የራቀቻትን ልጅ ማን ይቆጣል? ዝም እንዳልል፣ ልጄን እዚያው ፊት ለፊቴ እያጣኋት ነው።

ሥራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፤ የሱቅ፣ የፀጉር ቤት፣ የጋራዥ። ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለው፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ዲሬክተር አስጠራኝና፣ ስልክ ተማሪውን አደንዝዞታልና መንገድ ዳር ባለው አጥራችን ላይ ይህንኑ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ሣልልን አለኝ። ዘልዬ ተቀበልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔ ግን የሰውን እያማሰልኩ የራሴን ላድን ነበር ያሰብኩት። በአፌ ያልደፈርኩትን በብሩሽ ልነግራት።

አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩ ሰዎች ሣልኩ። ሽማግሌ አለ፣ ሙሽራ አለች፣ ነጋዴ አለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ልጄ፤ ያው ሻርፗ፣ ያው የተደፋ አንገቷ። ሁሉም ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ፊት አድርገው መዳፋቸውን ያያሉ። ስልኮቹን ገና አልሣልኳቸውም። በእኛ ሙያ ጥቁር ቀለም የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከቀደመ ሌላውን ሁሉ ያቆሽሻል። ስለዚህ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

ሰኞ ገበያተኛው ግጥም አለ። ከደሴ ዙሪያ ጎመን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ሸክማቸውን አወረዱ፣ ግድግዳውን አዩ፣ መዳፋቸውን ዘረጉና "አሚን!" አሉ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ቆመ፣ ከዚያም ሌላ። አንድ ቄስ ሳይቀሩ "ጸሎት ደግ ነው" ብለው አለፉ። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናትየዋ ወደ ልጄ ምስል ጠቆሙኝ።

"ይቺ ግን አንጀቴን በላችው። የራቃት ሰው አለ መሰል። አብሽሪ በላት፣ አላህ ያገናኝሻል።"

ኧረ እማማ፣ ስልክ ነው የምትይዘው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። "አሚን" ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት ልጄ ከክፍል ስትወጣ ስልኳን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት። ለእናቷ በቪዲዮ እያሳየቻት ነው። ሚስቴ መደወል የምትችለው አሠሪዋ ከውጭ ቆልፋባት ስትወጣ ብቻ ነበር። ሥዕሉን አየችና አለቀሰች።

"ልጄ ዱዓ ስታደርግልኝ ሣልካት? ወላሂ፣ ከዚህ ቤት መስኮት ሌላ የማየው አልነበረኝም።"

አዎ እንዳልል ውሸት ነው፤ አይደለም እንዳልል ደግሞ ጨካኝ መሆን ነው። አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ዲሬክተሩ ግን በቁጣ መጣ። "ስልኩ የታለ? ሰዉ እኮ መስጊድ አደረገው! ግምገማ ላይ ምን ብዬ ላስረዳ ነው?" የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የአንዷን ልጅ እጅ ብቻ ባዶ እንዲተውልኝ ለመንኩት። አሻፈረኝ አለ። ነገ ጠዋት ካልጨረስክ አጥሩን ኖራ አስቀባዋለሁ ብሎኝ ሄደ።

በነጋታው ጥቁሩን በጠበጥኩ። የሽማግሌውን ቀባሁ፣ የሙሽራዋን፣ የነጋዴውን። ልጄ ጋ ስደርስ ብሩሹን አስቀመጥኩ። ለካ ወደ ክፍል ስትገባ አይታኝ ከኋላዬ ቆማለች።

"የእኔን ለምን ተውከው፣ አባ?"

"እናትሽ ዱዓ መስሏት ደስ ብሏታል። እንዴት አድርጌ ላጥፋባት?"

ግድግዳውን ትክ ብላ አየችው።

"ቀባው" አለችኝ። "እማ ያለችው እኮ ስልኩ ውስጥ ነው። ባዶ እጄን ምን አደርገዋለሁ?"

ስንት ጊዜ ልነጥቃት የቃጣኝ ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንባዬ እየወረደ የእሷን ስልክ ከሁሉም አስፍቼ ቀባሁት።