ዘጠኝ ጊዜ የተጻፈ «ነገ»

ቢሮው ውስጥ «መጥረጊያዋ» ነው የሚሏት። ከምትጽፈው ኮድ የምትሰርዘው ይበልጣል፤ ቅጂ ካየችማ ደሟ ይፈላል።

የሚሠሩት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘጠኝ የዲስክ ድራይቨር ነበረው፤ ለእያንዳንዱ የዲስክ ዓይነት ዲስኩን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ አንድ አንድ ፕሮግራም መሆኑ ነው። አዲስ ዲስክ በመጣ ቁጥር የድሮውን ድራይቨር ገልብጦ ስሙን መቀየር የቤቱ ልማድ ነበር። አለቃዋ በወጣትነቱ «ይህን ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎ የተዋት ማስታወሻ እንኳ ሳትቀር ዘጠኙም ውስጥ ተገልብጣለች። ስህተቱም እንደዚያው፤ አንዱ ጋ ሲታረም ስምንቱ ጋ ይቀራል።

«ልጄ፣ የሚሠራን ነገር ምን አስነካሽ?» አላት አለቃዋ።

«ጋሼ፣ አንዱን ሳክም ስምንቱ እየታመሙብኝ እኮ ነው!»

አምስት ሳምንት አንገቷን ደፍታ የጋራውን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ሰበሰበችው። በየድራይቨሩ የቀረው ያ ዲስክ ለብቻው የሚፈልገው ብቻ ሆነ።

በፈተናው ቀን ዘጠኙ ዲስኮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው መረጃ እየጻፉ ሳለ፣ የሁሉንም ገመድ ተራ በተራ ነቅላ መልሳ ሰካች። ድሮ ቢሆን ግማሾቹ ድርቅ ብለው ይቀሩ ነበር። አሁን ግን ዘጠኙም ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

ተደጋግሞ የነበረ አራት ሺህ መስመር ኮድ ተሰረዘ። ያቺን ማስታወሻ ብቻ አንድ ቦታ ላይ ሆን ብላ ትታት ነበር። አለቃዋ አነበባትና ከት ብሎ ሳቀ።

«እስቲ ፈቀቅ በይ።»

ወንበሯ ላይ ተቀምጦ በገዛ እጁ ሰረዛት።

«ይኸው፣ ነገ መጣ» አለ፤ «በሃያ ዓመቱ!»