በሰኔ የጠጣሁት ኮሶ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ከተማ ካለው ሐኪም ቤት ስትመለስ እኔ ቤት ጎራ አለች። ልጅ መውለድ አስባለች፤ ሆዷ ግን ሲነፋትና ሲቆርጣት ዓመት አልፎታል። ሐኪሟ ከማርገዝሽ በፊት ሆድሽ ይስተካከል ብላ፣ የምትበላውን አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ለጥቂት ጊዜ ወተት እንድትተው ነግራት ነበር። «እትየ፣ ወተቱን ስተወው እኮ ሆዴ ዝም አለ!» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁላት። ከሄደች በኋላ ግን የራሴን ሙሽርነት ወር በወር መቁጠር ጀመርሁ።

እኔ ከዳባት ደጋ በጥር ተድሬ፣ ከሸሕዲ ከተማ ወዲያ ወዳለ የቆላ መንደር የወረድሁት በደርግ ጊዜ ነው። ባሌ ይርጋ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ከብት የሞላው ቤት ልጅ ነበር። እኛ ቤት አንዲት ላም ነበረች፤ ወተቷም ለሕፃናት ነው። እዚያ ግን አማቴ እትየ ብርቄ ለሙሽራ ክብር ብለው ጧት ጧት ትኩስ ወተት በቅል ሞልተው ይሰጡኛል። አማት የሰጡትን ሙሽራ አትመልስም። እጠጣና ብዙ ሳልቆይ ሊያስቀምጠኝም ሊያስመልሰኝም ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። አዲስ ሙሽራ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ስትመላለስ መንደሩ ስም ሊያወጣላት ምን ቀረው!

«የቆላ ውሃ ነው፣ ትለምጅዋለሽ» ይሉኛል እትየ ብርቄ፤ እንዲጠግነኝም ወተቱን ይጨምሩልኛል። ከሳሁ። የወር አበባዬ ተዛባ፣ ቆይቶም ጠፋ። ሸሕዲ ወርጄ ክኒን ተሰጠኝ፤ ምን እንደምበላ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሁዳዴ ሲገባ ወተትና ቅቤ ከቤቱ ወጣ። የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብ ብሎበት፣ በዚያ ሐሩር ላይ ቀዝቃዛ የከረከዴ መጠጥ። ሆዴ ዝም አለ። ጉንጬ ሞላ፤ ይርጋ እንኳ «አሁን ገና ያገባሁዋትን ልጅ አየሁዋት» ብሎ ቀለደብኝ። እትየ ብርቄ ጸሎታቸው እንደ ሰመረ ቆጥረው ለማርያም ጧፍ አስገቡ። እኔም አመንሁ። የጾሙን በረከት ስናመሰግን፣ ጾሙ ምን እንዳስቀረልኝ ማናችንም አላሰብንም።

ፋሲካ መጣ፤ ወተቱም ተመለሰ፤ እኔም ተመልሼ ወደቅሁ።

በግንቦት ይርጋ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ሸሕዲ ላይ መኪናው ሊነሳ ሲል እናቱን አቅፎ፣ «እማ፣ አደራሽን፣ የሷን ሆድ አድኚልኝ» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ስመለስ ልጅ እንወልዳለን» አለኝ። አቧራው እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆመን ቀረን።

በሰኔ ዝናቡ ሲጠና እኔም ባሰብኝ። ያስመልሰኛል፣ ያዞረኛል፣ የወጥ ሽታ ያስጠላኛል። እትየ ብርቄ ለአረም ከወረደ የደጋ ሠራተኛ ኮሶ ገዙ፤ ኮሶ ቆላ አይበቅልም። ፈጭተው ሲያበቁ ግን አጠገቤ ተቀምጠው አስተውለው አዩኝ። ኮሶ ፅንስ ያስወርዳልና ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ ያውቃሉ።

«አንች ልጅ፣ አርግዘሽ እንዳይሆን? አበባሽን አይተሻል?»

«ከሠርጌ ወዲህ በወጉ አይቼው አላውቅም፣ እትየ። ማስመለሱም ከጥር ጀምሮ ያለ ነው።»

«እንዲያስ ከሆነ ያው ሕመምሽ ነው። ይህ ሆድ ካልጠራ ልጅ አይይዝም። ልጄ ሲመጣ እንዲህ ሆነሽ አያገኝሽም፤ በይ ጠጭው።»

በባዶ ሆዴ ጨለጥሁት። ምሬቱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከቀትር በኋላ ቁርጠቱ ወደ ወገቤ ወረደ፤ ኮሶው ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። ከዚያ ደም መጣ። እትየ ብርቄ የመንደሩን ሴት ሁሉ ያዋለዱ ናቸውና ያዩትን አወቁት። ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

«የይርጋ ልጅ ነበር» አሉ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በደጃችን እያለፈ ወደ መተማ ጎረፈ። እትየ ብርቄ መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ፊት ያያሉ። ይርጋ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። መንገዱ ባዶ በሆነበት ቀን ቤት ገብተው፣ «ልጄን መንግሥት ወሰደው፤ የልጄን ልጅ እኔ» አሉኝ። አቅፌያቸው አለቀስሁ። እስኪያርፉ ድረስ አብሬያቸው ኖርሁ፤ ከዚያ ሌላ ባልም አገባሁ፤ ሆዴ ግን ዳግም ልጅ አልያዘም።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ የበላኝ የቆላ ውሃ እንጂ ወተቱ አይመስለኝም ነበር። የእህቴ ልጅ ብታረግዝ ደስ ይለኛል፤ ቅናቱም አብሮ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽም። አንድ ሰው «ምን ትበያለሽ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እያልሁ አድራለሁ። የምጠላው ሰው ባገኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር። እትየ ብርቄን እንዳልጠላ፣ ያጠጡኝ ሁሉ ከፍቅር ነበር፤ ጠይቀውኛል፣ እኔም እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ማንም ክፉ አላሰበብኝም። ልጄ ግን የለም።