አርክቴክት ቢሆነኝ እና የምታፈሰው ጎጆ

አርክቴክት ቢሆነኝ ጡረታ ወጥቶ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲወርድ፣ ዕቃውን የጫነው አይሱዙ ግማሹ መጽሐፍ ነበር። የቀረው ግማሽም ያው መጽሐፍ ነው።

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደጋው አገር የመካከለኛውን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲጠግን ኖሯል። የትም ግድግዳ ሲሰነጠቅ ድምፁን ጎንደር ተቀምጦ ይሰማል ይባልለታል። አንድ ድንጋይ ከመቀየሩ በፊት ድንጋዩን እንደ በሽተኛ ያስታምመው ነበር። ጉልበቱን እዚያው እርጥበት ውስጥ ትቶ፣ ሁለት ነገር ጽፎ ወጣ። አንደኛው «ያልነበረውን አትጨምር» የሚል ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ጠጋኝ የቀድሞውን ሰው እጅ፣ ጥፋቱ ሳይቀር፣ እንዳለ መመለስ አለበት ይላል። ሁለተኛው በጥንታዊ ሕንጻ ላይ የቆርቆሮ ከለላ ማቆምን የሚያወግዝ ቀጭን ጽሑፍ ነው። «ቅርስ ጃንጥላ አይያዝለትም» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ገጽ በዚያው ቁጣ ይዘልቃል።

አዲስ አበባ ላይ ቀጭኑን ያነበበው አራሚው ብቻ ነው፤ እሱም ይጠረጠራል። መተማ ላይ ግን አንባቢ ሞልቷል። ሻይ ሻጯ ዘምዘም የተረፈውን ቅጂ ተረክባ ለውዝ ትጠቀልልበታለች። ከሱዳኗ ገላባት የተሻገረ ነጋዴ ሁሉ ስለ ኖራ አንድ ሁለት ቁም ነገር ሳያውቅ አይመለስም።

ወደ ቆላ ያወረደችው ሚስቱ ሀብትነሽ ናት። አባቷ ከደጋ ወርዶ መሬት ሲያቀና የሠራትን የሣር ጎጆ ከከተማው ጫፍ ወርሳለች። ያደገችው ጎንደር አክስቷ ዘንድ ስለሆነ፣ ጎጆዋን የምታውቃት በበጋ ብቻ ነው። ባሏን ተከትላ በየደብሩ ስትረጥብ የኖረች ሴት ናትና ጥያቄዋ አጭር ነበር።

«አንድ ክረምት፣ ደረቅ መኝታ ላይ» አለችው። «ሌላ አልጠየቅሁህም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትራሴ ላይ ካረፈች፣ እኔ ሸሕዲ እህቴ ዘንድ ነኝ።»

«እንደ አባትሽ እጅ አድርጌ እመልስልሻለሁ።»

«ቆርቆሮ ምታባት።»

«ቆርቆሮ አልነበረባትም።»

ግንቦትን ሙሉ ጠገነ። ሣሩን ከድሮው ሜዳ፣ ልጡን ከድሮው ዓይነት ዛፍ አስመጣ። ከአንድ ክንድ ሣር ጋር ሲማከር ያዩት አሉ። መካከል ያለው ምሰሶ ወደ ደጋው ዘንበል ያለ ስለነበር ሠራተኞቹ ሊያቃኑት ተነሡ። አርክቴክቱ ምሰሶውን አቅፎ «የአማቴ እጅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ስለዚህ ክዳኑ አናቱ ላይ ትንሽ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሥራው ሲያልቅ ምስክር አማረው። ጎጆዋን ከሠሩት ሰዎች በሕይወት ያሉት አያ ፈንቴ ብቻ ናቸው፤ በባጃጅ አስመጣቸው። ሽማግሌው ገብተው ግድግዳውን ዳበሱ፤ ምሰሶውን ቀና ብለው አዩና ሣቁ።

«ይችው ናት! ቁርጥ እሷ! ድስቱስ?»

«የምን ድስት፣ አያ?» አለች ሀብትነሽ።

«አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ምሰሶ ሲያቆም ዐይኑ ደጋ አገሩ ላይ ነበር፤ አዘነበለው። ከተሠራች ጀምሮ እዚች ላይ እንዳፈሰሰች ነው። ወደ ግርጌ ተሰብስቦ ይተኛና ራስጌው ላይ ድስት ያስቀምጥ ነበር።» ጣታቸው የጠቆመው የሀብትነሽን መኝታ ነው።

የአርክቴክቱ ፊት በራ። ከጠገናቸው ደብሮች አንዱም እንዲህ አልተመሰከረለትም። «ሰማሽ? ማፍሰሷም የጥንቱ ነው!»

«ሰማሁ» አለች ሀብትነሽ፣ ሻንጣዋን ለማንኛውም ወደ በሩ እያስጠጋች።

በማግስቱ ሰማዩ ከሱዳን በኩል ጠቆረ። ጠብታዋም ሳትሳሳት ትራስ ላይ አረፈች። ሀብትነሽ ስልኳን አንሥታ ባጃጅ ጠራች። ቢሆነኝ በዝናብ ሮጦ ዘምዘም ዘንድ ደረሰ።

«ኢንጂነር፣ ምን ሆነሃል?»

«አርክቴክት ነኝ። ሀብትነሽ ልትሄድ ነው።»

«መኝታዋን ገፋ አድርጋት።»

«የጭቃ መደብ ነው፤ ከግድግዳው ጋር የተሠራ።»

«እሺ፣ ምሰሶውን አቅና።»

«አልችልም።»

ዘምዘም በማንኪያዋ ወደ ላይ ጠቆመች። የተቀመጡት ራኩባ ሥር ነበር፤ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ቆላ ውስጥ ፍየልም ትራክተርም ሙሽራም የሚጠለለው እንዲህ ያለ ዳስ ሥር ነው።

«ከላይዋ ራኩባ አቁምላት። ጎጆዋን ሳትነካት።»

ቢሆነኝ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። «እሱማ ጃንጥላ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ለውዝ ስጠቀልልበት አንብቤዋለሁ። ድንጋይ ጃንጥላ አይፈልግ ይሆናል። ሀብትነሽ ድንጋይ ናት?»

ጠረጴዛው ላይ ከነበረው አንድ ገጽ አነሣ፤ የራሱን ቁጣ አነበበ፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሀብትነሽ የጠራችው ባጃጅ በራፍ ላይ ሲደርስ ለሻንጣ ቦታ አልነበረውም። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ደግሞ መንገድ ላይ ያስቆመው፣ ቋሚ እንጨት የታቀፈ አርክቴክት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ራኩባው ቆመ። ቁመቱ የገላባት ጉምሩክ ከድንበሩ ማዶ አይቶት ዕቃ የጫነ መኪና የሚመጣ እስኪመስለው ድረስ ነው። ሀብትነሽ ከሥሩ ቆማ አንጋጠጠች።

«ይሄ ያልነበረ ነው።»

«ያልነበረ ነው» አለ ቢሆነኝ።

«መጽሐፍህስ?»

«ይታረማል።»

ሻንጣዋን መልሳ አስገባች። ያን ክረምት ቆርቆሮው እንደ ነጋሪት ስለተመታ ባልና ሚስት እስከ መስከረም በምልክት ነው የተግባቡት፤ ትራሱ ግን ደረቅ ነበር። ቢሆነኝ ለእውነቱ ሲል መደቡ ጫፍ ላይ ድስት አስቀመጠ። ሀብትነሽ ሽንኩርት ሞላችበት።

ቀጭኑ ጽሑፍ እንደገና እየታተመ ነው። መግቢያው «ሰው ላልተኛበት ቅርስ ጃንጥላ አይያዝለትም» ተብሏል። አሮጌውን ቅጂ ቢሆነኝ ለቃቅሞ ስለወሰደው፣ ዘምዘም አዲሱ እስኪደርሳት ድረስ ለውዝ በእፍኝ ትሸጣለች።