ቆማ የምትነዳው ልጅ

ደብረ ማርቆስ፣ የሴቶች ብስክሌት ቡድን መጋዘን የገባሁ ዕለት አሰልጣኙ የብሩጎላ መፍቻና ፒንሳ አስጨበጡኝና «ጎማና ፍሬን ያንቺ፣ ልጆቹ የእኔ» አሉኝ። ከባሌ ጋር ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ከዚያ በላይ አልተመኘሁም።

ብስክሌቶቹ ለወንድ ታስበው የተሠሩ ነበሩ፤ ኮርቻቸው ጠባብና ረጅም ነው።

ያለምወርቅ የምትባል ከሮብ ገበያ ከተማ የመጣች ልጅ ነበረችን። ዳገት ላይ የሚደርስባት የለም። ሜዳ ሲመጣ ግን ከኮርቻዋ ተነሥታ ቆማ ትነዳለች፣ ይደክማታል፣ ወደ ኋላ ትቀራለች። አሰልጣኙ ስንፍና ነው ይላሉ። እሷ ደግሞ ወደ እኔ እየመጣች አንዴ ጎማው ከበደኝ፣ አንዴ ካቴናው ያዘኝ ትላለች። ፈትቼ አያለሁ፤ ደህና ነው። ታናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ አየኋቸው። ሌሎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትጎርሳለች። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

በዚያው ሳምንት አሰልጣኙ «ቅዳሜ አምበር ከተማ ደርሰን እንመለሳለን። ያለምወርቅ አሁንም ወደ ኋላ ከቀረች ዕቃዋን ትሸክፍ» አሉ። ከቡድኑ ወጣች ማለት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች ማለት ነው፤ እዚያ ደግሞ ብስክሌት የለም። የመጋዘኑን በር ዘግቼ ጠራኋት።

«የት ነው የሚያምሽ?»

«ጎማው ነው፣ እትዬ።»

«ጎማ አያምም። ደዌውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ንገሪኝ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «የምቀመጥበት ቆስሏል። ለአሰልጣኙ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ለብቻው የሚለበስ ነው። እሷ ከሥሩ ሁለት ሙታንታ ደርባለች፤ ባዶውን ነውር መስሏት። ስፌቱ ሥጋዋን ሲፈገፍጋት ከርሟል። የኮርቻዋም ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሏል። አንጀቴን በላችኝ።

አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። «ቅዳሜ አትነዳም፤ ቆስላለች» አልኳቸው።

«የት?»

«ኮርቻው በሚነካት ቦታ።»

ጎንበስ ብለው የታሰረውን የጫማቸውን ክር እንደገና ማሰር ጀመሩ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«እርስዎ እኔን ቀና ብለው ማየት አቅቶዎታል፤ እሷ እንዴት ትንገርዎት?»

ክሩን ለቀቁና ቀና አሉ። «እስኪሽርላት ትረፍ» አሉ።

እሷ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ፣ እኔ ከአንድ አሮጌ የሴት ብስክሌት ሰፋና አጠር ያለ ኮርቻ ፈትቼ ገጠምኩላት። ከግንበኛ ጎረቤቴ ውሃ ልክ ተውሼ ጫፉ ወደ ላይ እንዳይቀና አስተካከልኩት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ ትንሽ እንዲታጠፍ ከፍታውን ዝቅ አደረግሁ። ቁምጣውን ለብቻው እንድትለብስ፣ በነዳች ቁጥር አጥባ ፀሐይ ላይ እንድታሰጣው፣ ላብ የያዘውን ቁምጣ እንደለበሰች እንዳትቀመጥ ነገርኳት።

ሲሽርላት ወደ አምበር ወጣን፤ እኔና አሰልጣኙ በመኪና ከኋላ እንከተላለን። ዳገቱን እንደ ልማዷ መራች። ሜዳው ሲመጣ ኮርቻዋን ኮርቻዋን አየሁ። አልተነሣችም። እንደተቀመጠች ነድታ አምበር ቀድማ ገባች። አሰልጣኙ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና «የሌሎቹንም ኮርቻ እይልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ስትመጣ በሩን ዘግቼ ስለ ኮርቻዋና ስለ ቁምጣዋ እጠይቃታለሁ። ጎማና ፍሬን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።