የመሐሉ ቤት

ቄስ ወልደ ኢየሱስ ወሬውን የሰሙት ጣሪያ ላይ ሆነው ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል የሰቆጣ ንፋስ ቆርቆሮ ይገነጥላልና፣ ምስማሩ በላላበት ጥግ ድንጋይ ሲጭኑ ጎረቤታቸው ይርዳው ከታች ጠራቸው።

«አባ! ወደ ሰማይ ለመቅረብ መሰላልም ያስፈልጋል? እኛ ጸሎት የሚበቃ መስሎን!»

«ጸሎት ቆርቆሮ አይዝም። ይልቅ ያቺን ጥቁሯን ድንጋይ አቀብለኝ።»

«ከእንግዲህ ለዚህ ጣሪያ አይድከሙ። ይውረዱ፤ ጥያቄያችንን ተቀበሉን!»

ይርዳው ግንበኛ ነው፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። በከተማው ዳር፣ አስፋልቱን ተከትለው የተደረደሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይሠራባቸው ከተባለ ቆይቷል። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። ባለቤቶቹ ሁሉ ቦታቸውን አንድ ላይ አድርገው በማኅበር ከገቡ ከባንክ ተበድረው ራሳቸው ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዱም ሱቅና ቤት ይደርሰዋል። አንድ ሰው ከጎደለ ግን ቦታው ለባለሀብት ይሰጣል፣ እነሱም ከከተማው ወጣ ብሎ ምትክ መሬት ይመራሉ። አሁን መልሱ መጥቷል፦ እስከ ሰኔ ሚካኤል ሁሉም ይፈርም።

ቄስ ወልደ ኢየሱስ ቀስ ብለው ወረዱ። ይርዳው መሰላሉን በሁለት እጁ እንደ ያዘ አልለቀቀም።

«ታዲያ አባ፣ አንድ ነገር አለ። የልጅዎ የካሤ ነገር።»

የእጃቸውን አቧራ አራገፉ።

«ጠይቄ ነው የመጣሁት። የእርስዎ ብቻ ፊርማ አይበቃም አሉ።»

ቤቱ የሚስታቸው የወለተ ገብርኤል የአባቷ ነበር፤ ካርታውም በስሟ ነው። እሷ አምና በጥቅምት አረፈች። በኑዛዜዋ ወራሾቿ ባሏና አንድ ልጇ ናቸው። ስለዚህ ወይ ካሤ ራሱ መጥቶ ይፈርም፣ ወይ ውክልና ይላክ። ሁለቱም ካልሆነ አባቱ ፍርድ ቤት ቀርበው ልጃቸው መሞቱን ያስመስክሩ።

«ለምስክሩ አያስቡ፤ እኛ አለንልዎት» አለ ይርዳው። ያለው ነገር ወዲያው ለራሱም ጆሮ ከበደውና መሰላሉን አንሥቶ ወደ ጓሮ ይዞት ሄደ።

ቄስ ወልደ ኢየሱስ የሰሃላ ሰው ናቸው። ለትምህርት በእግራቸው ሰቆጣ ገቡ፣ ዲቁና ተቀበሉ፣ ወለተ ገብርኤልን አገቡና በአባቷ ግቢ ቀሩ። እሷ ጌሾ ታደርቅና ገበያ ታወጣ ነበር፤ እሳቸው ቅስናውን ተቀብለው ደብሩን አገለገሉ። የሰፈሩ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያውቃቸው በኀዘን ቤት ነው። ብዙ አይመክሩም፤ አጠገብ ቁጭ ይላሉ። የሄደበት ሰው ሳይመለስ ቀርቶበት፣ ሞቷልም አለም ማለት አቅቶት ለደረቀ ቤት ግን አንድ ቃል ነበራቸው፦ «እርማችሁን አውጡ። አልቅሳችሁ ተነሡ።»

ካሤ ወደ ዐረብ አገር የወጣው ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጅቡቲ ጠረፍ፣ ኦቦክ ላይ ሆኖ ለእናቱ ደወለ። «ባሕሩን ልንሻገር ነው፤ ስሻገር እደውላለሁ» አላት። ከዚያ ጦርነቱ መጣና የሰቆጣ ስልክ ለብዙ ወር ድምፁ ጠፋ። ስልኩ ሲመለስ የወለተ ገብርኤል ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ተገኘ። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ በአንዲት ቃል ኖሩ፦ ደውሎ አጥቶን ይሆናል። እሷ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም የምታወራው ስለ በሩ ነበር። ሰማያዊ በር ነው፣ ካሤ ራሱ የቀባው። «ስልኩን ቢያጣ በሩን አያጣም» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም።

እነሆ በሩ ፊት ለፊት ጫፉ ቀይ የተቀባ የሕንፃው መለኪያ ችካል ተተከለ። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይራመዱታል፣ ሲመለሱ ይራመዱታል። የሰፈሩ ሰው ክፉ ቢሆን ይቀልላቸው ነበር። ማንም አልተቆጣቸውም፤ ማንም አልለመናቸውም። ብቻ እሳቸው ሲያልፉ ወሬው ይቆማል። አንድ ቀን ይርዳው የፎቁን ቁመት በእንጨት ጫፍ ለሰዎች ሲያሳይ ደረሱ። «እዚህ ጋ…» ብሎ ጀምሮ አያቸውና እንጨቱን ዝቅ አደረገው። መሐል ቤት ናቸው። ያለ እሳቸው ሌሎቹም የሉም።

በግንቦት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሠርካለም ሻይ በብርጭቆ ይዛ መጥታ በራቸው ላይ መደቡ ጫፍ ተቀመጠች። ከጎናቸው ባለችው ክፍል ሻይ ቤት አላት። ባሏ ፍየል ሊገዛ ወደ አበርገሌ ወርዶ ሳይመለስ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል።

«አባ፣ የሚመጣው እሁድ የሚቀድሰው ሰሞነኛ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ስኳር አብዝቼበታለሁ፤ እንዳይቆጡ።»

«ስታበዢ ነገር ይዘሽ መጥተሻል ማለት ነው።»

ሳቀች። ከዚያ አማርኛውን ትታ በአገውኛ ቀጠለች፤ የሆድ ነገር ሲሆን ሁለቱም እንዲያ ያደርጋሉ።

«እኔን ያኔ ምን ብለውኝ ነበር?»

«እርምሽን አውጪ ብዬሻለሁ።»

«አስከሬን ሳላይ፣ ጋቢውን ዘርግቼ አለቀስኩ። እርስዎም ፍትሐቱን ፈቱለት። በሳልስቱ ተነሥቼ ውሃ ጣድኩ፤ ሻይ ቤቱ ያኔ ተጀመረ። ልክ ነበሩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ግን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። እስከ ዛሬ ከአበርገሌ በኩል መኪና ሲመጣ የሚወርደውን ሰው አያለሁ። ደንበኛ ሻይ እያዘዘኝ አያለሁ።»

ብርጭቆውን መደቡ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ለምን ነገርሽኝ?»

«ፍትሐት ከተፈታለት በኋላ መጠበቁ የሚቆም መስሎዎት እንደሆነ ብዬ ነው። አይቆምም፤ አይፍሩ። እኔ ከዚች ሻይ ቤት ሌላ የለኝም፣ አባ። ከከተማው ወጥቼ ለማን አፈላለሁ?»

«በቁሙ ብቀብረውስ?»

ሠርካለም ሻዩን እስኪጨርሱ ጠበቀችና ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች።

ቄስ ወልደ ኢየሱስ ቅዳሴ ሲገቡ፣ በባሕርም በየብስም የሄዱ መንገደኞች በሚታሰቡበት ጸሎት ላይ «ገብረ ጻድቅ» ይላሉ። የካሤ የክርስትና ስሙ ነው። ድምፃቸውን ባያጎሉትም የደብሩ ሰው ያውቀዋል። ሙታን የሚታሰቡበት ሲደርስ ደግሞ «ወለተ ገብርኤል» ይላሉ። ሠርካለም ስለ እሁድ መጠየቋ ለዚህ ነው። ፍርድ ቤቱ ኋላ የሚመጣ ነው፤ ቄሱ የልጃቸውን ስም ከመንገደኞቹ ወደ ሙታኑ ካሻገሩት ሌላው ሁሉ ይከተላል።

እሁድ ሰፈሩ በጊዜ ተገኘ። ወትሮ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ብቅ የሚለው ይርዳው እንኳ ከመጋረጃው ፊት ቆሟል። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ቅዳሴ ገቡ። ጸሎቱ ወደ መንገደኞቹ ሲደርስ የሚያስል ሰው ሁሉ ሳሉን ያዘ።

ስሙን አልጠሩም። አልፈውት ሄዱ።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት «እህ» ብላ ተነፈሰች። ሠርካለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አጎነበሰች፤ ይርዳውም ራሱን ደፋ። ቅዳሴው ቀጠለ። ሙታኑ ጋ ሲደርሱ «ወለተ ገብርኤል» አሉ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ዲያቆኑ ጠበቀ። «ገብረ ጻድቅ» የሚለው ግን አልወጣቸውም። እስኪበቃው የጠበቀው ዲያቆን የሚቀጥለውን ተቀበለና ጸሎቱ አለፈ።

ሕዝቡ ሲበተን ሠርካለም የደብሩ ዐጸድ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ይርዳውም ጫማውን በእጁ እንደ ያዘ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«አባ» አለች በቀስታ፣ «የት አደረጉት?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

ሠርካለምና ይርዳው መስቀላቸውን ተሳለሙና ሦስቱም አንድ መንገድ ይዘው ወደ ሰፈራቸው ወረዱ። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ችካሉን ተራምደው ሰማያዊውን በር ከፈቱ።

ሰኔ ሚካኤል እየቀረበ ነው። የሌሎቹ ቤቶች ፊርማ ተሟልቷል። የመሐሉ ቤት አልተፈረመም፤ ፍርድ ቤትም የሄደ የለም። ለካሤ ፍትሐት አልተፈታለትም፣ ስሙም ወደ መንገደኞቹ አልተመለሰም።