ዘርፈሽና የባሕሯ ድንጋይ

ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ጁስ ቤት ያላት ዘርፈሽ፣ ባለፈው ክረምት ድንጋይ ላይ አቼቶ ስታንጠባጥብ ያላያት የሰፈር ሰው የለም። ጠርሙሷን በፌስታል አንጠልጥላ ትወጣለች፤ መንገድ ዳር የተከመረ ጠጠር ባየች ቁጥር ጎንበስ ብላ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከዚያ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። የባጃጅ ሹፌሮቹ መጀመሪያ ጠበል መስሏቸው ነበር። ኋላ ሽታው ሲደርሳቸው፣ «ሰላጣው አልቆባት ድንጋዩን ልታጣፍጠው ነው» ብለው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። ዓረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት የኖረች ሴት በባጃጅ ሹፌር ቀልድ አይከፋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩዌት ውስጥ ዘርፈሽ በሠራችበት ቤት፣ ሳሎኑን ለሁለት የሚከፍል የባሕር ውሃ አኳሪየም ነበር። እመቤቲቱ የገዛችው ለእንግዳ ዓይን ነው፤ ውሃውን መቀየር፣ መስታወቱን መወልወል፣ ዓሣዎቹን ማብላት ግን የዘርፈሽ ሥራ ሆነ። አልፎ አልፎ ከሚመጣው ባለሙያ ሥር ሥር እያለች፣ እየጠየቀችና እየተሳሳተች ሙያውን ቀሰመች። የትኛው ዓሣ ቁጡ እንደሆነ፣ የትኛው ዓይን አፋር እንደሆነ አሳምራ ታውቅ ነበር። የራሷን ልጅ ጠባይ ግን የምታውቀው በስልክ ነው።

ልጇ ፌኔት ትባላለች። እናቷ ስትሄድ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ከዚያም ቀድሞ ጥሏቸው ሄዷል። ያደገችው ከነቀምቴ ወጣ ባለችው ኡኬ ከተማ፣ የዘርፈሽ ታላቅ እህት ድርቤ ዘንድ ነው። «አዮ» ብላ እናቴ የምትለው ድርቤን ነው፤ ዘርፈሽን በስሟ «ዘርፈሽ» ትላታለች። በክፋት አይደለም፤ ሌላ እንድትል ማን አስተምሯት? ዘርፈሽ አገሯ ከገባች በኋላ እህትማማቾቹ ተቀምጠው መከሩ። ልጅቷ እንደ ዕቃ ከቤት ቤት አትጓዝም፤ ክረምቱን ነቀምቴ ትክረምና መስከረም ሲጠባ የት ሆና እንደምትማር ራሷ ትምረጥ ተባባሉ። ሐሳቡ የድርቤ ነው። ዘርፈሽ በአፏ እሺ አለች እንጂ ሆዷ እሺ አላለም።

አኳሪየሙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ለጠየቃት ሁሉ «ደንበኛ ይስብልኛል» ትላለች። ውሸቷን ነው። መሳብ የፈለገችው ደንበኛ ሳይሆን ልጇን ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዛ የተመለሰችው ሙያ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ይኸንኑ ልታሳያት ቆረጠች።

መስታወቱን እዚያው ነቀምቴ አሠራች። መብራቱን፣ ፓምፑንና የባሕር ጨዉን አዲስ አበባ ካለ የዓሣ ነጋዴ አስመጣች። አሸዋና ድንጋይ ላይ ስትደርስ ግን ነጋዴው የጠራው ዋጋ አንድ ፍሪጅ የሚገዛ ሆነ።

«ለአሸዋ?» አለች ዘርፈሽ።

«ተራ አሸዋ መሰለሽ እንዴ እህቴ? ከባሕር የመጣ ነው እኮ።»

«እኛም አገር አሸዋ ሞልቷል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መሙላቱስ ሞልቷል። ግን የባሕር ዓሣ ባገኘው አሸዋ ላይ አይኖርም። ውሃው ውሎ አድሮ እንዳይኮመጥጥ የሚጠብቀው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የኖራን ድንጋይ ከሌላው የሚለየው ደግሞ አቼቶ ነው። ኖራ ያለበት አቼቶ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ የሌለበት ዝም ይላል። ዘርፈሽ ይህንን ለፌኔት ያስረዳቻት በመጣች ሰሞን ነው። ልጅቷ አዳመጠች፤ ጠርሙሱን ተቀበለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብትሆንም ዝምታን እንደ ትልቅ ሰው ታውቅበታለች።

በመጀመሪያ የሄዱት ከዲዴሳ ወንዝ የመጣ የግንባታ አሸዋ የሚራገፍበት ቦታ ነው። ሻጩ አካፋውን ተደግፎ፣ «አዴ፣ ባለስንት ክፍል ነው ቤቱ?» አላት በአክብሮት።

«ባለ አንድ ክፍል። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው።»

ሰውየው ሀብታም አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። ፌኔት አቼቶውን ጠብ አደረገች፤ አሸዋው ዝም አለ። ዘርፈሽ ደግሞ ከተበላሸ ሬዲዮ የተፈታ ማግኔት አውጥታ ብትሰድበት ጥቁር ጥቁሩ ፍሬ እንደ ጉንዳን ተከታትሎ ተጣበቀበት። ብረት ነው፤ ከጨው ጋር አይስማማም። አመስግነው ሄዱ። የመንገድ ሥራ ጥቁር ጠጠርም ዝም አለ። ከወንዝ ዳር የለቀሙት፣ ዘርፈሽ በንጣቱ የተማመነችበት ድንጋይ እንኳ ዝም አለ። «ነጭ ሁሉ ኖራ አይደለም» አለች አፍራ። ፌኔት ድንጋዩን ወደ ወንዙ መልሳ ወረወረችው።

በመጨረሻ ደረሳ ዘንድ ደረሱ። ደረሳ የመቃብር ሐውልት ሠሪ ነው፤ እብነ በረድ እየቆረጠ፣ እየጠረበና ስም እየቀረጸ ልጆቹን አሳድጓል። ሲያያቸው መጋዙን አጠፋና ቆቡን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ዘርፈሽ። ማን ዐረፈባችሁ?»

«ኧረ ማንም! ስብርባሪ ፈልጌ ነው፣ ኦቦ ደረሳ። ለዓሣ።»

ደረሳ እሷን አየ፤ ልጅቷን አየ። «ዓሣም ሐውልት አማረው?» አለ።

ፌኔት ሳቀች። ዘርፈሽ የልጇን ጥርስ ስታይ በዚያ ክረምት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ለዚያች ሳቅ ሐውልቱን ሁሉ ብትገዛ ደስ ባላት።

ከመጋዙ ሥር ነጭ ፍርፋሪ ተከምሯል። አቼቶው ሲነካው ተንጨረጨረ፤ አረፋውም እንደ ቢራ ተነሣ። ፌኔት ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችውና ቀና ብላ ዘርፈሽን አየቻት። ተገኘ! ፍርፋሪው አሸዋ ይሆናል፤ ስብርባሪው ድንጋይ ይሆናል። ዘርፈሽ ሰም የተቀባውን፣ ተወልውሎ የሚያብለጨልጨውን አልፈልግም አለች። ደረሳም በበኩሉ፣ «ፊደል ያረፈበትን እኔ አልሰጥም። ተሳስቼ የሰበርኩት ቢሆንም የሰው ስም ነው። እሱን ራሴ ነኝ የምቀብረው» አለ። በዚህ ተስማሙ። ዋጋው የሁለት ብርጭቆ አቮካዶ ጁስ ሆነ፤ ያውም ደረሳ እዚያው ጁስ ቤቷ መጥቶ የሚጠጣው።

እብነ በረድ አንድ ጉድለት አለው፤ ድፍን ነው። የባሕር ድንጋይ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ፣ ውሃ የሚያጠሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚያድሩበት ነው። ደረሳ መሰርሰሪያውን አመጣ። ፌኔት በጠመኔ ቀዳዳ የሚበሳበትን ቦታ ታመለክታለች፤ እሱ ይበሳል።

«ዓሣ ፊት ለፊት የሆነ በር አይወድም፤ ወደ ጎን አድርጊው» አለቻት ዘርፈሽ።

«መውጫው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢዘጋስ?» አለች ፌኔት። ሁለት ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ማጠብ ነው። ፍርፋሪው ውሃውን ወተት ያስመስለዋል፤ ይደፉታል፣ ደግሞ ያጥቡታል። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው፣ ጣታቸው እስኪጨማደድ አጠቡ። ብዙም አላወሩም። ዘርፈሽ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ምነው ይህ ፍርፋሪ ባልጠራ እስክትል ድረስ።

ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ጨው ውሃው ተሞልቶ፣ ፓምፑ መሥራት ከጀመረ በኋላ ደግሞ መጠበቅ መጣ። አዲስ ውሃ ዓሣ ይገድላል። ቁራሽ ጥሬ ዓሣ ጥለውበት ይበሰብሳል፤ በዚያ ብስባሽ የማይታዩት ነፍሳት ይባዛሉ፤ ሳምንታት ይፈጃል። ደንበኛው ሁሉ ባዶውን መስታወት እያየ፣ «ዓሣሽ ድንጋይ ሆኖ ቀረ?» እያለ አሾፈ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ዘርፈሽ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ጭንቋ ግን ሌላ ነበር። ክረምቱ እያለቀ ነው፤ ዓሣ ሳይገባበት ፌኔት ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ። ዘርፈሽ የሚመጡትን ሁለት ዓሣዎች ማውራት ጀመረች፤ ብርቱካናማ መሆናቸውን፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ መምሰላቸውን። ፌኔት ዓይኗን ከዝናቡ ላይ አላነሣችም።

«ለማየት አልጓጓሽም?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

«አልጓጓሁም» አለች ፌኔት። «አካኮ ሲሞት ያልመጣሽው በነሱ ነው።»

አካኮ ያለችው አያቷን፣ የዘርፈሽን አባት ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ስልኩን ሰምቼዋለሁ፤ አዮ ድምፁን ከፍታው ነበር። እመቤቴ ለዕረፍት ወጥታለች፣ ዓሣዎቹን የሚያይ የለም ብላ ከለከለችኝ አልሽ። እኔ መንገድ ላይ ወጥቼ ስጠብቅሽ ነበር።»

ዘርፈሽ ፓስፖርቷ በእመቤቲቱ እጅ እንደነበር፣ ወለል ላይ ተንበርክካ እንደለመነች መናገር ትችል ነበር። ግን ልጅቷ የጠየቀችው እሱን አይደለም። ሲያማት የኖረውን ነገር ነው እኔ በመስታወት አድርጌ በመብራት ያስዋብኩላት ብላ አሰበች።

«ልተወው?» አለች በመጨረሻ። «ውሃውን ልድፋው?»

ፌኔት ትከሻዋን ሰበቀች። «ድንጋዩ ምን አደረገ» አለች።

በሳምንቱ ፌኔት ወደ ኡኬ ተመለሰች። ስትሄድ ጫማዋን እያየች፣ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን እዘምራለሁ። ሥራ ካለሽ ግን ግድ የለም» አለች። ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም አላለችም።

ዓሣዎቹ ከአዲስ አበባ ተልከው ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት መድረስ ነበረባቸው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አደረና እሑድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ፤ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ እንገባለን አሉ። ሌሊቱን በላስቲክ ውስጥ ያደረ ዓሣ ቀን አይሰጥም። ላስቲኩ ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል፤ በትንሽ በትንሹ ውሃ ይጨመርለታል፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። የኡኬው ሚኒባስ ደግሞ ሞልቶ ሊወጣ ነው። ዘርፈሽ ሚኒባሱንም፣ አውቶቡሱ የሚገባበትን የመናኸሪያ በርም ከጁስ ቤቷ ደጃፍ ሆና ታያለች። ደረሳ ጋ ደውላ ሥራውን ባንድ ትንፋሽ አስረዳችው፤ ቁልፉን ጎረቤት አስቀመጠችለትና ሚኒባሱ ላይ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ፌኔት መዘምራኑ ፊት ብቻዋን ስትቆም በመጀመሪያ ድርቤን አየች፤ ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠችውን አየች። መዝሙሩን ለመጀመር ትንሽ ዘገየች፤ ስትጀምር ግን ድምፁ ከዚያች ቀጭን ልጅ የወጣ አይመስልም ነበር። ዘርፈሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ድርቤ ቤት ምሳ እየበሉ ሳለ ደረሳ ደወለ። «አዴ ዘርፈሽ፣ አንዱ ተኝቷል። የሚነቃም አይመስለኝ። እንዳልሽው ነው ያደረግሁት፣ እምልልሻለሁ።»

«የአንተ ጥፋት አይደለም፤ ገለቶሚ» ብላ አመስግናው ዘጋችው።

ፌኔት እጇን ሰሐኑ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «ዛሬ ነው እንዴ የመጡት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እያወቅሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«እና ሞተ?»

«አንዱ ሞተ።»

ድርቤ ወደ ጓዳ ልትሄድ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። ፌኔት ሰሐኑን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ፣ «ሌላውስ? ብቻውን ነው ያለው?» አለች።

«ብቻውን ነው።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ መኝታዋ ገባች። ስትወጣ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ነበር። ድርቤን አቅፋ ትከሻዋ ላይ አለቀሰች፤ ድርቤም ጀርባዋን እየዳበሰች «ሂጂ፣ ሂጂ» አለቻት። ከዚያ ፌኔት ፊቷን ጠርጋ ወደ ዘርፈሽ ዞረች።

«እንሂድ» አለች፤ «የመጨረሻው ሚኒባስ ያመልጠናል።»