ጉማራ ባንድ በአሰፋች ቴፕ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ሰሊጥ ከሚመዘንበት ግቢ ጀርባ፣ አሰፋች ካሴት ትቀዳ ነበር። ቤቱ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅበት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቴፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የግራው ያጫውታል፣ የቀኙ ይቀዳል። በ1970 ዓ.ም. ከጎንደር ተነስታ በመተማ በኩል ስትወጣ የግራውን ቴፕ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዝላው ነበር። ሰው እህልና ልብስ ይዞ ሲሰደድ እሷ ቴፕ በመያዟ ያሾፉባት የነበሩት ኋላ ደንበኞቿ ሆኑ።

ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም። የላላ ክር በእርሳስ እያጠነጠነች ታጠብቃለች፣ የቴፑን ውስጥ አልኮል በነካው ጥጥ ትጠርጋለች፣ ቅጂው በሽቦ የሚተላለፍ ቢሆንም ሲቀዳ ማንም እንዲያወራ አትፈቅድም። «የአሰፋች ቅጂ ከዋናው አይለይም» ይባል ነበር። በዚህ ላይ ሌላ ቀጂ የማይሰጠውን ምራቂ ትሰጣለች። በካሴቱ በየገጹ መጨረሻ ሁልጊዜ ጥቂት ባዶ ክር ይተርፋታል፤ እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ዘፈን ትሞላበታለች።

ከሁሉም በላይ የሚፈለግባት ጉማራ ባንድ ነው። አምስት ወጣቶች ናቸው፤ እሷ ከአገር ከወጣች በኋላ የተቋቋሙ፣ ጊታራቸው የሚያጉረመርም፣ ዘፋኛቸው ታምሬ የሚባል። እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ካሴት አውጥተዋል። ዋናዎቹ ገዳሪፍ ውስጥ ያሉት እሷ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ጉማራን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ከእሷ እጅ ነው።

የጉማራ ወዳጆች ዳኛ ደግሞ ደሴ ነበር። ሎሪ ጫኝ ነው። ረሀቡ በከፋበት በ1977 ዓ.ም. ወደ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የሚሄደውን እህል ይጭናል፣ አብሮ ሄዶም ያራግፋል። ከዚያ ሲመለስ ስላየው ነገር አይናገርም። አፉ የሚፈታው ጉማራ ሲነሳ ብቻ ነው። «የመጀመሪያው ካሴት እሳት ነው፤ ሁለተኛው ፍም ነው፤ ሦስተኛው ላይ ድራም መቺው ራሱን ችሏል» ይላል፤ ማንም አይከራከረውም።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ ድንበሩ ላይ እስካለችው ጋላባት እየተመላለሰ ጨርቅ የሚነግደው አብዱልናስር አራተኛውን ካሴት ይዞ መጣ። አሰፋች ዘንድ ከመውሰዱ በፊት ገና ከካርቶን ባወጣው ቴፕ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከፈተው። ሰው ተሰበሰበ። ሁለት ዘፈን እንዳለቀ ደሴ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ታምሬ አይደለም።»

«ስሙ ተጽፎ የለም እንዴ?» አለ አብዱልናስር ሽፋኑን እያሳየ።

«ስም ማንም ይጽፋል። የታምሬ ድምፅ ሽቦ ነው። ይኸኛው ገንፎ የጎረሰ ሰው ነው።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ገንፎ ከየት አግኝቶ? በዚህ ዘመን?» አለች በአጠገቡ ሻይ የምትሸጠው ራሒማ። ሰው ሳቀ።

ደሴ አልሳቀም። «ድራሙም ይጎተታል። ታምሬ ሞቷል፤ በእሱ ፈንታ ሌላ አስገብተው ነው» አለ። ሳቁ ተቋረጠ። በማግስቱ እህል ይዞ ሲሄድ ወሬውን ቱነይድባ አደረሰው። እዚያ የሞት ወሬ ለማመን ማንም ጊዜ አይወስድበትም።

ከቱነይድባ በተመለሰ በማግስቱ ከአብዱልናስር ጋር ሆኖ አሰፋች ዘንድ ሄደ። «የሞተ ሰው ካሴት ነው፤ ለመታሰቢያ እንኳ ይቀዳልን» አላት። አሰፋች ካሴቱን ግራ ቴፕ ውስጥ ከትታ ቁልፉን ተጫነች።

ታምሬ ነበር። ሽቦው ድምፅ፣ ያ የሚያውቁት ጉርምስና፣ የሚንደረደረው ድራም፤ ሁሉም ተመልሷል።

ደሴ ከተደገፈበት ግድግዳ ቀና አለ። «ይኸው! አለ! እትዬ አሰፋች፣ እጅሽ ይባረክ፤ የሞተ ታስነሻለሽ!» ወደ አብዱልናስርም ዞሮ «የታመመው ያንተ ቴፕ ነው» አለው።

«ወላሂ አዲስ ነው!» አለ አብዱልናስር አፍሮ።

አሰፋች ሰዓቷን እያየች ነበር። ሽፋኑ ላይ አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ እንደሆነ ተጽፏል። በሃያ ሰባት ደቂቃ አለቀ። ባዶ ክር የሚተርፋት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ከአምስት ዓመት በፊት የግራው ቴፕ ሞተር ተቃጥሎ አንድ ጠጋኝ ከሌላ ማሽን አውጥቶ ሌላ ሞተር ገጥሞለት ነበር፤ ምራቂ የጀመረችውም ከዚያ ወዲህ ነው። የታመመው የእሷው ነው፤ ካሴቱን ከልኩ በላይ አፍጥኖ ያጫውታል።

ደንበኞቿ ሲሄዱ የጉማራን የመጀመሪያ ካሴት፣ ዋናውን፣ ይዛ አብዱልናስር ሱቅ ሄደች። «እስቲ ይህን አጫውትልኝ» አለችው።

ወንዝ ሞልቶበት ስለቀረ መንገደኛ የሚናገረው ዘፈን መጣ። እሷ የምታውቀው የጭፈራ ዘፈን ነበር። አሁን ግን ቤዝ ጊታሩ የደከመው ሰው እርምጃ ሆነ። በየስንኙ መሀል ታምሬ አየር ሲስብ ይሰማል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ትንፋሽ ሰምታው አታውቅም። ሰውየው ወንዙ ዳር ቆሟል፤ መሻገር አልቻለም። ዘፈኑ እስኪያልቅ በካሴቱ ባዶ ሽፋን ላይ እጇን እንዳሳረፈች ቆየች።

አብዱልናስርም ገብቶታል። «እኔ ለማንም አልናገርም» አለ። «ኸላስ፣ የእኔ ቴፕ ታሟል፤ አለቀ። ሰዉም ደስ ብሎታል። ስምሽን ለምን ታጠፊያለሽ? ያለ ስምሽ ምን አለሽ?»

«ምንም የለኝም» አለች። «ግን እሱ እንዲህ ነው የዘፈነው። ያጣደፍኩት እኔ ነኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ ጫኞች ከሥራ ሲወጡ ያንኑ ካሴት እዚያው ደጃፍ ላይ አስከፈተች። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ነገሩን ሳታሳጥርና ሳታስረዝም ነገረቻቸው፦ ሞተሩን፣ የተረፈውን ክር፣ ምራቂውን። «በእጃችሁ ያለው ሁሉ ስህተት ነው። አምጡልኝ፣ በዚህ በአብዱልናስር ቴፕ እያጫወትኩ እንደገና እቀዳዋለሁ።»

«እኔም እላለሁ፣ ስጨፍርበት ምነው ልቤ ወጣች!» አለች ራሒማ።

«ለካ አምስት ዓመት ስንሮጥ ኖረናል!» አለ አንዱ።

ደሴ ግን ጥሏቸው ሄደ። ከሁሉ የከበዳት እሱ ነው፤ ደሴ የተወውን ሌላው ለመተው ጊዜ እንደማይፈጅበት ታውቃለች። በማግስቱ ሦስት ሰዎች ብቻ ካሴት አመጡ። በሦስተኛው ቀን እስከ እኩለ ቀን ማንም አልመጣም። ጥጧንና እርሳሷን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

ከሰዓት በኋላ ደሴ በሩ ላይ ቆመ፤ ትከሻው ላይ የዱቄት አቧራ አለ። ሁለት ካሴቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እነዚህን ሁለቱን አስተካክዪልኝ።»

«የመጀመሪያውስ?»

«እሱን አልሰጥም። ስናራግፍ የምንዘፍነው እሱን ነው፤ ቀስ ካልን ጆንያው ይከብደናል።» ከኋላው ሌሎች አራት ጫኞች ካሴት ይዘው ቆመው ነበር። «አራተኛውን ግን በትክክሉ ቅጂልኝ። ሌሊት ሳስበው አደርኩ፤ ከሁሉም ይበልጣል። ነገ ቱነይድባ ወስጄ ለሰዉ ማሰማት አለብኝ። ሞቷል ብዬ ያስለቀስኳቸው እኔ ነኝ።»